አራት ለሦስት

በዚህ እትም የምተርክላችሁ አብዛኞቻችን በአካል አይተነው ስለማናውቅ ጨዋታ ነው። የበረዶ ሆኪ ይባላል። ሜዳው እንደ መስተዋት የረጋ በረዶ ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት የተገጠመለት ጫማ አድርገው ይንሸራተቱበታል። በየወገኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሆነው ይሰለፋሉ፤ ጫፉ በታጠፈ ረጅም ዱላ አንዲት ጠፍጣፋ ክብ ጎማ እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው መረብ ይሰዳሉ። ጨዋታው በሦስት ክፍል፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይካሄዳል። ፍጥነቱ ዓይን ያታክታል፤ በትከሻ መገፋፋትም የተፈቀደ ነው።

ነገሩ እንግዳ ቢመስልም የሩቅ ዘመዱን እናውቀዋለን፤ የገና ጨዋታን ማለቴ ነው። እዚያም ቆልማማ ዱላ አለ፤ በጎማው ፈንታ ሩር አለች። አባቶቻችን በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይሉ ነበር። በዓመት አንድ ቀን ሎሌው ከጌታው እግር ሥር ሩሯን ቢነጥቅ፣ ቅልጥሙንም በዱላ ቢያገኘው፣ ጨዋታ ነውና በማግስቱ ቂም አይያዝም ነበር። ለዚህ ልማድ የሁለቱም ወገን ስምምነት ያስፈልጋል። ጌታው ሽንፈቱን መቀበል አለበት፤ ሎሌውም የዓመቱን ብሶት ሁሉ በዚያች ዱላ ልወጣ ማለት የለበትም።

ይህን ልማድ በልባችሁ ያዙልኝ። አሁን የምነግራችሁ ስምምነቱ ስለፈረሰበት ጨዋታ ነውና። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መምህሩና ተማሪው

ቼኮዝሎቫኪያ በአውሮፓ መካከል የነበረች፣ ዛሬ ቼክና ስሎቫኪያ ተብላ ለሁለት የተከፈለች አገር ናት። የበረዶ ሆኪ ለእነርሱ፣ ለእኛ የረጅም ርቀት ሩጫ እንደ ሆነው ያለ ነገር ነው። ትንሽ አገር በዓለም ፊት ቀና ብላ የምትታይበት ነው። በ1947 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ1949ም ስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ላይ ደገሙት።

በ1948 ክረምት የፕራግ ዝነኛ ክለብ የነበረው ኤልቴሴ ወደ ሞስኮ ሄዶ ሦስት ጨዋታዎች አደረገ። በዚያን ጊዜ ሩሲያውያን በበረዶ ላይ በኳስ የሚጫወቱት የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው እንጂ ለዚህኛው ሆኪ ገና ጀማሪዎች ነበሩ። ከፕራግ እንግዶቻቸው ብዙ ተማሩ። ፈጣን ተማሪዎችም ሆኑ። በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና ተሰልፈው በዚያው ዓመት ወርቁን ወሰዱ። ከ1963 ጀምሮ ደግሞ ለዘጠኝ ተከታታይ ዓመታት የሚነካቸው አልተገኘም።

በዚህ መካከል መምህሩ ምን ደረሰበት? በዚያው በ1948 ኮሚኒስቶች በፕራግ ሥልጣን ያዙ። በመጋቢት 1950 ብሔራዊ ቡድኑ ለዓለም ሻምፒዮና ወደ ለንደን ሊበር ተሰናድቶ ሳለ ጉዞው ተሰረዘ። ተጫዋቾቹ ተናደው በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው መንግሥትን ሲያማርሩ የጸጥታ ሰዎች ያዟቸው። በአገር ክህደት ተከሰው ተፈረደባቸው። ታላቁ ግብ ጠባቂ ቦሁሚል ሞድሪ 15 ዓመት፣ አጥቂው አውጉስቲን ቡብኒክ 14 ዓመት ተበየነባቸው። ከታሳሪዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ዩራኒየም ማዕድን ጉድጓድ ተላኩ። ሞድሪ ፍርዱን ሳይጨርስ ቢፈታም በ1963፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ ዐረፈ።

እንግዲህ አንድ የፕራግ ደጋፊ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የሚደረግ ጨዋታ ለማየት ሲቀመጥ አብሮት የሚቀመጥ ብዙ ትዝታ ነበር። ወጣቶች ሆይ፣ የአንድን ሰው ጩኸት ከመፍረዳችን በፊት ምን ያህል ዘመን ዝም እንዲል እንደ ተደረገ መጠየቅ ደግ ነው።

ታንክ የገባበት ሌሊት

በጥር 1968 አሌክሳንደር ዱብቼክ የሚባል ስሎቫክ የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ሆነ። ሶሻሊዝሙን ሳይተው ሰብአዊ ገጽ ሊሰጠው ፈለገ። የጋዜጣ ሳንሱር ተነሣ፤ ሰዎች ያለ ፍርሃት መናገር ጀመሩ። ያንን ወራት ዓለም የፕራግ ጸደይ ብሎ ያስታውሰዋል።

ጸደዩ በነሐሴ ተቀጨ። ነሐሴ 20 ለ21 አጥቢያ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከፖላንድ፣ ከሃንጋሪና ከቡልጋሪያ የተውጣጣ ጦር በታንክ ድንበሩን ጥሶ ገባ። ሕዝቡ መሣሪያ አልነበረውም። ወጣቶች የመንገድ ምልክቶችን እየነቀሉ ወራሪው አቅጣጫ እንዲጠፋበት አደረጉ፤ ታንክ ላይ ለተቀመጡት ወታደሮችም በሩሲያኛ፣ ለምን መጣችሁ እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከመቶ በላይ ሲቪሎች ሕይወታቸውን አጡ።

በጥር 1969 ያን ፓላኽ የተባለ የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሕዝቡን ተስፋ መቁረጥ በመቃወም በቬንሴስላስ አደባባይ ራሱን አቃጠለ። ከሦስት ቀን በኋላም ሞተ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል፤ ሕይወታችን የእግዚአብሔር ስለ ሆነች የመረጠውን መንገድ ለማንም አልመክርም። ነገር ግን ታሪኩን የምጠቅሰው ስለ ቀብሩ ነው። ፓላኽ ያደገው የቼክ ወንድሞች ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመን በሆነ ቤተሰብ ውስጥ ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1415 ስለ እምነቱ የተቃጠለውን ያን ሁስን አባቴ የምትል ናት። ቀብሩን ያስፈጸመው ያኩብ ትሮያን የተባለ የገጠር ደብር መጋቢ ነበር። ይህን ስም አትርሱት፤ እመለስበታለሁ።

የ1969 የዓለም ሆኪ ሻምፒዮና እንዲካሄድ ታቅዶ የነበረው በፕራግ ነበር። ከወረራው በኋላ ግን እንኳን እንግዳ መቀበል የራሳቸውን ቤት በር መዝጋትም አልቻሉም። ውድድሩ ወደ ስቶክሆልም ተዛወረ።

በስቶክሆልም በረዶ ላይ

ስድስት ቡድኖች ነበሩ፤ ሶቪየት ኅብረት፣ ስዊድን፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ካናዳ፣ ፊንላንድና አሜሪካ። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኛል። የቼኮዝሎቫኪያ አሠልጣኞች ያሮስላቭ ፒትነርና ቭላዲሚር ኮስትካ ነበሩ፤ አምበሉ ደግሞ ዮዜፍ ጎሎንካ የተባለ ስሎቫክ። ተጫዋቾቹ ለምን እንደሚጫወቱ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። በማሊያቸው ላይ የቼክ አንበሳ አለ፤ ዱሮ በአንበሳው ራስ ላይ ዘውድ ነበር፤ ኮሚኒስቶች ግን ዘውዱን አንሥተው ኮከብ አድርገውበታል። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች ያንን ኮከብ በፕላስተር ሸፍነው ወደ በረዶው ወጡ።

መጋቢት 21 በመጀመሪያው ግጥሚያ ቼኮዝሎቫኪያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ጨዋታው ሲያልቅ እንደ ወጉ ተሰልፈው እጅ ይጨባበጡ ዘንድ ይገባ ነበር። የቼኮዝሎቫኪያ ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ፣ አርብ መጋቢት 28 ቀን 1969፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 19 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ ተገናኙ። በስታዲየሙ የተገኙ ደጋፊዎች ታንክና ግብን የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች ይዘው ነበር፤ እናንተ ታንክ ላካችሁልን፣ እኛ ግብ እንልክላችኋለን የሚል መንፈስ ያላቸው። በአገር ቤት ያለው ሕዝብ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ዙሪያ ተኮልኩሏል። ቼኮዝሎቫኪያ 4 ለ 3 አሸነፈች። አሁንም እጅ ሳይጨብጡ ወጡ።

የአርቡ ሌሊት

የዳኛው ፊሽካ እንደ ተሰማ በመላ አገሪቱ በሮች ተከፈቱ። በአንድ ሌሊት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደ አደባባይ እንደ ወጣ ይገመታል፤ የአገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላው አሥራ አራት ሚሊዮን ገደማ በነበረበት ዘመን። በፕራግ የቬንሴስላስ አደባባይ ብቻ 150,000 ያህል ሰው ነበር። ይህ አደባባይ በነሐሴ ታንኮቹ የቆሙበት፣ በጥር ፓላኽ የወደቀበት ነው። አሁን ሰው የማያውቀውን ሰው ያቅፋል፤ ይዘምራል፤ የመኪና ጥሩንባ ይነፋል። በግድግዳ ላይ፣ በሱቅ መስተዋት ላይ፣ እጅ በደረሰበት ሁሉ አንድ ነገር ተጻፈ፤ 4፡3። በዚያ ሰሞን በፕራግ ሌላ መፈክር አያስፈልግም ነበር። ሁለት ቁጥሮች በቂ ነበሩ።

እስቲ ቆም ብለን ይህን ደስታ እንየው። ሰባት ወር አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሕዝብ ነው። ጋዜጣው እንደ ገና መታፈን ጀምሯል፤ መሪዎቹ ሞስኮ ተወስደው ፈርመው መጥተዋል፤ የውጭ ጦር በአገሩ ሰፍሯል። አንድም ነገር ማሸነፍ ያልቻለ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ጨዋታ አሸነፈ። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው ተዋርዶ መኖርን ነፍሱ አይለምደውም። ያንን ደስታ ሞኝነት ነው የምል ሰው አይደለሁም፤ እዚያ ብኖር ኖሮ እኔም አብሬ እጮህ ነበር።

ነገር ግን ሌሊቱ በዘፈን አልተጠናቀቀም። በቬንሴስላስ አደባባይ ላይ የሶቪየት አየር መንገድ የኤሮፍሎት ቢሮ ነበር። ከቢሮው ፊት ለፊት የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ ተከምሮ ነበር። ድንጋዩን ማን፣ ለምን በዚያ ቀን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ ያነጋግራል፤ የራሳቸው አገር የምስጢር ፖሊስ ሆን ብሎ ያዘጋጀው ወጥመድ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እጅ ሁሉ ድንጋዩን አገኘ። መስተዋቱ ረገፈ፤ ሰዎች ገብተው ወንበርና ጠረጴዛውን ወደ ውጭ እየወረወሩ አቃጠሉ። በሌሎች ከተሞችም ሕዝቡ የሶቪየት ጦር ወደ ሰፈረባቸው ሕንፃዎች ሄዶ መስኮት ሰበረ፤ ተሽከርካሪም የተቃጠለበት ስፍራ ነበር።

ሂሳቡ

ጌታ ነኝ ባዩ ተቆጣ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 31፣ የሶቪየት መከላከያ ሚኒስትር ማርሻል አንድሬ ግሬችኮ ቼኮዝሎቫኪያ ደረሰ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ እናንተ ሥርዓት ማስከበር ካልቻላችሁ እኛ እናስከብራለን። በሚያዝያ መጀመሪያ ሳንሱሩ ጠበቀ። ሚያዝያ 17 ዱብቼክ ከፓርቲው መሪነት ተነሥቶ ጉስታቭ ሁሳክ ተተካ። ከጨዋታው እስከዚያ ቀን ሃያ ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ገዢዎቹ ወደ ቀድሞው ሥርዓት መመለስ ብለው ጠሩት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከፓርቲው ተባረሩ፤ ብዙዎች ሥራቸውን አጡ፤ ፕሮፌሰሮች መስኮት አጣቢ፣ ጋዜጠኞች የማሞቂያ ቤት እሳት አንዳጅ ሆኑ። የልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ሳይቀር ተዘጋ። የሶቪየት ጦር ጠቅልሎ የወጣው በ1991 ነው።

ወርቁስ? እርሱም አልመጣም። ውድድሩ ሲዘጋ ሶቪየት ኅብረት፣ ስዊድንና ቼኮዝሎቫኪያ እኩል 16 ነጥብ ነበራቸው። ቼኮዝሎቫኪያ ሶቪየቶችን ሁለት ጊዜ ብታሸንፍም በስዊድን ሁለት ጊዜ ተሸንፋ ነበር። በግብ ልዩነት ሲለዩ ወርቁ ለሶቪየት፣ ብሩ ለስዊድን፣ ነሐሱ ለቼኮዝሎቫኪያ ሆነ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር አለብኝ። የዚያ ዘመን ጥፋት የደጋፊዎቹ ነው ማለቴ አይደለም። አገር የወረረው ሌላ ነው፤ ሰው የገደለው ሌላ ነው። መስተዋት ባይሰበር ኖሮም ሞስኮ ሌላ ሰበብ አታጣም ነበር። የተሰበረ መስኮትንና የተወረረ አገርን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ፍርድ አያውቅም። የምለው ይህ ነው፤ ትክክለኛ ቁጣ እንኳ ባለቤቱ ካልጠበቀው ሌላ ሰው ያነሣውና ይጠቀምበታል። ያዕቆብ በመልእክቱ (1፥20) የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ እንደማይሠራ ይናገራል። ሐዋርያው ይህን የጻፈው ምንም በደል ለማያውቁ ሰዎች አይደለም፤ በዚያው መልእክት ባለጠጎች ደመወዛቸውን ስለቀሟቸው ሠራተኞች ጩኸት ይጽፋል። የተበደሉ መሆናቸውን ያውቃል። ቁጣቸውን ግን ለማን እንደሚሰጡት እንዲጠነቀቁ ይፈልጋል።

በበረዶው ማዶ የነበረው ልጅ

አሁን ወደ በረዶው ልመልሳችሁ። እጃቸው ያልተጨበጠው እነማን ነበሩ?

ከእነርሱ አንዱ ቫሌሪ ኻርላሞቭ ይባላል። የ21 ዓመት ልጅ ነው፤ የዓለም ሻምፒዮና ሲጫወት የመጀመሪያው ነበር። እናቱ ከሰሜን ስፔን፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በሕፃንነቷ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተሻገረች ስደተኛ ናት። ጦርነት ከአገሯ ያፈናቀላት ሴት ልጅ፣ ጦርነት ያመጣውን ጥላቻ በስቶክሆልም ተቀበለ። እውነት ነው፣ የሚጫወትለት ክለብ የጦር ሠራዊቱ ክለብ ነበር፤ ከቡድኑ ብዙዎቹም በወግ የሠራዊት አባል ነበሩ። የቼኮዝሎቫኪያ ተጫዋቾች ይህን ያውቁ ነበርና ጀርባ መስጠታቸው ከሜዳ አልሆነም። ቢሆንም ታንኩን ወደ ፕራግ ያዘዘው ኻርላሞቭ አልነበረም።

በዚያች ሌሊት እጅ ባለመጨበጣቸው ልፈርድባቸው አልደፍርም። ቁስሉ የሰባት ወር ቁስል ነበር። ማሊያ ግን ሰው ይሸፍናል። ማሊያው ላይ ያለውን ፊደል ስናይ ከውስጡ ያለውን የእናቱን ልጅ አናየውም። ይህ በጦርነት ላለ ሕዝብ ከደረሰበት፣ ምንም ሳይደረግብን በአንድ የእንግሊዝ ክለብ ምክንያት የክፍል ጓደኛችንን ለሳምንት የማናናግር እኛ ምን እንላለን? ሰፈርን ከሰፈር፣ ብሔርን ከብሔር የሚያሳድብ ዜማ በስታዲየም ሲነሣ፣ ሁሉም ስለሚለው ብለን አብረን የምናስተጋባ እኛስ? ምሳሌ 24፥17 ጠላት ሲወድቅ እንኳ ልባችን ሐሤት እንዳያደርግ ያስጠነቅቀናል። እኛ ጠላት ባልሆነው ላይ ነው የምንጨፍረው።

የሆሳዕና ዋዜማ

ስለዚህ ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ቀን መቁጠሪያ አስወጣኝ። በዚያ ዓመት በምዕራቡ አቆጣጠር ሆሳዕና የዋለው መጋቢት 30 ነበር። ውድድሩም የተዘጋው በዚያው ቀን ነው። ሕዝቡ 4 ለ 3 እያለ በጮኸ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው በፕራግ አብያተ ክርስቲያናት ሌላ ሕዝብ ስለ ጮኸበት ቀን ተነበበ ማለት ነው።

ሉቃስ 19ን አንብቡት። ኢየሩሳሌምም በባዕድ ጦር ተይዛ ነበር። ሕዝቡም አሸናፊ ይጠብቅ ነበር። ልብሱን አነጠፈ፤ ጮኸ፤ ደስ አለው። ፈሪሳውያን ዝም አሰኛቸው ሲሉት ጌታችን እምቢ አለ፤ እነርሱ ዝም ቢሉ ድንጋዮች እንደሚጮኹ ተናገረ። ስለዚህ ጌታ የሕዝብ ደስታን አይጠላም። ወዲያው በሚቀጥለው ክፍል ግን ከተማይቱን አይቶ አለቀሰላት። ለሰላሟ የሚሆነውን ባለማወቋ አለቀሰ። የሚመጣባትን ያውቅ ነበር፤ በሮም ላይ የሚወረወር ድንጋይ በመጨረሻ የራሷን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማያስቀር።

ይህ ጌታ በአርቡ ሌሊት በቬንሴስላስ አደባባይ ቢቆም ኖሮ ምን ያደርግ ነበር ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። የሚዘምሩትን ዝም በሉ የሚል አይመስለኝም። የድንጋዩን ክምር አይቶ ግን የሚያለቅስ ይመስለኛል፤ ለኤሮፍሎት መስተዋት ብሎ ሳይሆን፣ ድንጋዩን ለሚያነሡት ልጆች ብሎ።

ከሃያ ዓመት በኋላ

ያኩብ ትሮያን አልወረወረም፤ አልሸሸምም። ስለ ፓላኽ በቀብሩ ቀን በአደባባይ ቆሞ ወንጌል ተናገረ። በ1974 መንግሥት የመጋቢነት ፈቃዱን ነጠቀው። ከመድረኩ ከወረደ በኋላም ዝም አላለም፤ መንግሥት የራሱን ሕግ እንዲያከብር የሚጠይቀውን ቻርተር 77 የተባለ ሰነድ ከፈረሙት አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን በአገራችንም አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየጓዳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። የትሮያንን ታሪክ እነርሱ ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል።

በኅዳር 1989 ፖሊስ በፕራግ ሰላማዊ ተማሪዎችን ደበደበ። ሕዝቡ እንደ ገና ወጣ። በዚያው የቬንሴስላስ አደባባይ፣ በዚያው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን ከኪሱ ያወጣው የቤት ቁልፉን ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ቁልፉን ወደ ላይ አንሥቶ አንቃጨለ፤ ጊዜያችሁ አልቋልና ወደ ቤታችሁ ሂዱ ለማለት። ዱብቼክም ሸምግሎ በሰገነት ላይ ታየ።

በወሩ መጨረሻ ሕዝቡ ሌትና በሚባለው ሰፊ ሜዳ ተሰበሰበ፤ ግማሽ ሚሊዮን ወይም ከዚያ በላይ፣ በአርቡ ሌሊት በመላ አገሪቱ የወጣውን ያህል። መድረኩን የሚመራው ቫስላቭ ማሊ የተባለ፣ ኮሚኒስቶች ከአገልግሎት ያገዱት የካቶሊክ ቄስ ነበር። ማሊ የፖሊስ አባላትን ወደ መድረኩ አወጣ። ተማሪዎቹ ላይ ስለ ደረሰው ይቅርታ ጠየቁ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ፣ ይቅር ብለናል ብሎ መለሰ። ቄሱም አባታችን ሆይን ጀመረ፤ ለአርባ ዓመት እግዚአብሔር የለም ሲባል የኖረው ሕዝብ፣ የሚያውቀው እየጸለየ፣ የማያውቀው በአክብሮት እየሰማ አብሮ ቆመ። ዓመቱ ሳያልቅ በቻርተር 77 ምክንያት እስር ቤት ሲመላለስ የኖረው ጸሐፊ ቫስላቭ ሃቬል ፕሬዚዳንት ሆነ።

ወዳጆቼ፣ ከ1969 እስከ 1989 ቁጣው አልጠፋም። ቁጣው ባይኖር ኖሮ ሌትና ላይ ማን ይሰበሰብ ነበር? ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ጥቂት ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ አማኞች፣ ያንን ቁጣ ወደ እውነት፣ ወደ ጸሎትና ወደ ትዕግሥት ይመልሱት ነበር። ኤፌሶን 4፥26 የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ መቆጣት አለ፣ ነገር ግን በቁጣ ውስጥ ኃጢአትን አለመሥራት አለ፤ ለዲያብሎስም ስፍራ አለመስጠት።

ከእናንተ መካከል ዛሬ የሚቆጣ አለ፤ በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በአገሩ ጉዳይ። ቁጣህን ዋጠው፣ ቁጣሽን ደብቂው አልልም። በጸሎት ወደ እግዚአብሔር ይዛችሁ ግቡ፤ እርሱ መዝሙረኞቹ የጮኹበትን ሁሉ ሰምቷል፣ አይደነግጥም። ጨዋታም ሲኖር ተጫወቱ፣ ደግፉ፣ ጩኹ። ማታ ግን ማሊያውን ስታወልቁ፣ የተጋጣሚውን ልጅ እጅ ጨብጣችሁ ግቡ። በመንገዳችሁም ላይ ሳትጠብቁት ተከምሮ የቆያችሁ ድንጋይ ካገኛችሁ፣ ከማንሣታችሁ በፊት ማን እንዳስቀመጠው ጠይቁ።

ለውይይት

1. ትክክለኛ ቁጣን ከበቀል የሚለየው ምንድን ነው? ያዕቆብ 1፥19-20ን እና 5፥1-8ን አብራችሁ አንብቡ።

2. የቼኮዝሎቫኪያ ተጫዋቾች እጅ አለመጨበጣቸው ትክክል ነበር ትላላችሁ? በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ፤ ከዚያም ወገን ቀይሩ።

3. በእኛ ዘመን ለወጣት እጅ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ “የድንጋይ ክምር” የት የት ይታያችኋል?